ሳልህን ጠየቁኝ

ይድረስ ለግርማዬ፣ ለእኔው ውሸታም።

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ወግ ነው። እኔ ግን ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ያለህበት አገር ደረጃ የሚወጣበት እንዳልሆነ፣ ትንፋሽም እንደማያጥርህ ለራሴ ነግሬ አሳምኛታለሁ። ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ልጽፍልህ ብዬ ወረቀት ይዤ ቁጭ ያልኩበት፣ ከዚያ አንድ መስመር ሳልሞላ እንባዬን ጠርጌ ወደ ጓዳ የተነሳሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። የምጠይቅህ ነገር ስላለ ነው። መልሱን እስከ ነገ ከሰዓት ይፈልጉታል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ከአንተ በቀር የማማክረው ሰው የለኝም። ጭንቅ ጥብብ ብሎኛል ግርሜ።

ሳልህን ስጪን ብለውኛል።

አዎ፣ ሳልህን። ወሬ ከመሀሉ መጀመሬ እንደሚያናድድህ አውቃለሁና ቆይ፣ ከሥሩ ላውራልህ።

ቤታችን እንደተውከው ነው ማለት ይቻላል። ቱሉ ዲምቱ ያው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ውሃ የመጣ ቀን ብሎኩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል፣ የጠፋ ቀን ሁሉም እርስ በርሱ ይኮራረፋል። ባጃጅ አሁን እስከ ብሎካችን በር ድረስ ይገባል። ይህ ነገር አንተ እያለህ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ይቆጨኛል፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤት በየግንቡ እየተደገፍክ ስትመጣ በመስኮት ቆሜ አይህ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ያስቀመጥካት የፕላስቲክ ወንበር ዛሬም አለች። ጎረቤቱ አንተ እዚያ የምትቀመጠው ወሬ ወደህ ይመስለው ነበር፤ አየር እስክታገኝ መሆኑን የምናውቀው እኔና ልጃችን ብቻ ነበርን። ደረጃ የምታጸዳው ልጅ «የጋሽ ግርማ ወንበር» እያለች ከሥሯ ትጠርጋለች እንጂ ከቦታዋ አታነሳትም። እኔም ጉልበቴ እያስቸገረኝ ስለሆነ ዘንቢሌን አስቀምጬ አርፍባታለሁ።

ቤኪ ኮሌጅ ገብቷል። ኤሌክትሪክ ነው የሚማረው። አንተ ደጃፉን ሳትረግጥ ዕድሜ ልክህን የዋሸህበትን ኮሌጅ ልጅህ በእውነት እየተማረበት ነው፤ ብትሰማ ስንት ቀን እንደምትስቅ አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ድራማችሁ «ጡረተኞቹ» ከሬዲዮ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰሚው ግን አልጠፋም። አንተ የተጫወትከውን ምናሴንና ታደለ የተጫወተውን ሽብሩን፣ እነዚያን ከሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጨቃጨቁ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሰው ዛሬም ከስልኩ እያወጣ ይሰማቸዋል። ድራማውን ሰምተው የማያውቁ ልጆች እንኳ ሳሉን ያውቁታል። ምናሴ ሊዋሽ ሲል ደረቱን ይዞ ይስላል፣ ከዚያ «ኮሌጅ እያለን…» ብሎ ይጀምራል፤ በቃ፣ አገሩን ሁሉ የሚያስቀው ይኸው ነበር። አሁን ከተማው ውሸት በሰማ ቁጥር ይስላል። ባለፈው ከቃሊቲ በታክሲ ስመጣ አንዱ ተሳፋሪ ገና አቃቂ ድልድይ ላይ እያለን በስልክ «ደርሻለሁ፣ በራችሁ ላይ ነኝ» አለ። መጀመሪያ ረዳቱ ሳለበት፤ ቀጥሎ ሾፌሩ፤ ከዚያ ታክሲው በሙሉ ሳለበት። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ለቅሶህ ላይስ የሆነውን አይተህ ይሆን? በብሎኮቹ መሀል ባለው የጋራ አዳራሽ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ታደለ ተነስቶ «ግርማ እኮ አንድም ቀን ከእኔ ጋር ተጋጭቶ አያውቅም» ሲል ከበሩ አካባቢ አንድ ሰው ለምዶበት ሳለ። አዳራሹ ለአፍታ ደነገጠ። ሰውዬውም በራሱ ደነገጠ። ከዚያ ታደለ ራሱ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመረ፣ ለቀስተኛውም ሁሉ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። የዚያን ቀን ባይሳልብህ ኖሮ ሐዘኑን አልችለውም ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ሶስና የምትባል ወጣት ቤታችን መጣች። ከጓደኞቿ ጋር አኒሜሽን የምትሠራ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ምናሴን እየሰማች ነው ያደገችው። ያሰበችው ምናሴና ሽብሩ ሽማግሌ ከመሆናቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ ያን የሚዋሹበትን ኮሌጅ ሲማሩ ምን ይመስሉ እንደነበር በአኒሜሽን ማሳየት ነው። ርዕሱንም ካንተው አፍ ወስዳ «ኮሌጅ እያለን» ብላዋለች። የመጣችው ፈቃዴን ልትጠይቅ ነበር። በሩን ስታንኳኳ ቤኪ ከውስጥ «ማን ልበል?» አለ። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ሰላም ማለቱን ረስታ ፈዝዛ ቆማለች። ኋላ ስትነግረኝ፣ ምናሴ ራሱ ወጣት ሆኖ በር የከፈተላት መስሏት ነበር።

እኔ እናቱ ይህን አላስተዋልኩም። ከሞትክ ወዲህ እኮ ቤኪ ከ«እሺ» እና ከ«በልቻለሁ» ሌላ ቃል አያወጣም ነበር፤ ድምፁን ከየት ልስማው? ወጣቱን ምናሴን ሁን ሲሉት እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ተናገረ፤ «አልስልም» አለ። ሶስና ምክንያቱን ሳትጠይቅ ተስማማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ተመለሰ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ ሽንኩርት መክተፌን ትቼ ከበሩ ጀርባ አዳምጠዋለሁ። ሳህን እያጠበ ስለ ቀረጻው ያወራኛል፣ በሶስና ይቀልዳል፣ እኔንም ሳይቀር ይተርበኛል። ልጄን መለሱልኝ ብዬ ስንት ስለት ተሳልኩ።

ባለፈው ሳምንት ቅንጭቡን ለቀቁት። የመጀመሪያው ክፍል ቅዳሜ ነው የሚወጣው፤ ሰው እንዲጓጓ ተብሎ አንድ አጭር ቁራጭ ቀደም ብሎ ተለቀቀ። ግርሜ፣ የሰው አፍ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንዱ «እግሩን አቅጥናችሁ ፌንጣ አደረጋችሁት» ይላል። አንዷ «ልጅነታችንን አትንኩብን፣ ሼም ነው እሺ» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሯ ደግሞ ሰው ሁሉ ይስማማላታል። ሽብሩን ለምን ረጅም አደረጋችሁት ብሎ የሚጣላ አለ፤ በሬዲዮ ቁመቱን በምን እንዳየው እንጃለት። ሌላው ምናሴ ተምሮበታል የሚለው ኮሌጅ የግብርና ነው የቴክኒክ እያለ ከማያውቀው ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ሲሟገት ዋለ። ይህስ ፍቅር ነው፣ አንተም ቢሆን ደስ ይልህ ነበር። ቤኪን ያገኙት ጊዜ ግን ጨከኑ። «በአባቱ ስም የገባ» አሉት። «ድምፁ ዜና የሚያነብ ይመስላል» አሉት። አንዱማ «ነፍሱን ይማርና አባቱ ቢሰማ ያፍር ነበር» ብሎ ጻፈ፤ እሱን አንብቤ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ከሁሉ በላይ ግን የሚጠይቁት ሳሉን ነው። «ሳሉስ? ሳሉን የት አደረሳችሁት?» «ካልሳለ ምኑን ምናሴ ሆነ?» «ሳል ከሌለ እኛም የለንም።» ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ ያው ሳል ነው። ስልክ ላይ ማንበብ እንደምጠላ ታውቃለህ። አሁን ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ መነጽሬን ፍለጋ ነው የምደናበረው። ትናንት ምስር ጥጄ ረስቼው ድስቱ ከነምስሩ አረረ። አንድ ደግ ቃል ሳገኝ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይገድለኛል።

ቤኪ ሁሉንም አንብቦታል። እንዳላነበበ ያስመስላል እንጂ ፊቱ ይነግረኛል። ስልኩን ዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቶታል። ምግብ ሳቀርብለት ያቺ «በልቻለሁ» ተመልሳ መጣች። ለቀሪዎቹ ክፍሎች ቀረጻ ሰኞ ይጠብቁታል፤ ይሄድ አይሄድ አልነገረኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሥራው መውደቁ አይደለም። ልጄ ዳግመኛ አፉን እንዳይዘጋብኝ ነው። አሁን ከተዘጋ የሚከፍትልኝ አላገኝም።

በዚህ መሀል ሶስና ዛሬ ጠዋት ደወለች። ድምፏ ተሰብሯል። ሥራውን የሚደግፉት ሰዎች የሕዝቡን ጩኸት አይተው ፈርተዋል። ቤኪን «ሳል!» ብለው እንደማያስገድዱት ነገረችኝ፤ ነገር ግን የአንተን ሳል ከድሮው የሬዲዮ ቅጂ ቆርጠው ወጣቱ ምናሴ አፍ ላይ ሊያደርጉት አስበዋል። ለዚህ የእኔ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ቦታውን ከፍተን ጠብቀናል እትዬ አስካለ፣ እርስዎ እሺ ካሉ ማስገባቱ ቀላል ነው» አለችኝ። እስከ ነገ ከሰዓት ልንገርሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሺ ብል ስድቡ ይቆማል፤ ቤኪም እፎይ ይል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ልጁ አልስልም ብሎ እያለ፣ ካፉ የአባቱ ሳል ሲወጣ ሲያይ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በላይ መሄድ አቃተኝ።

እውነቱን ተናግሬ ብገላገል እንዴት ደስ ባለኝ። «ያ ሳል ትወና አልነበረም፣ የታመመ ሰው ሳል ነበር፣ ልጁም አልስልም ያለው ለዚህ ነው» ብዬ አንድ መስመር ብጽፍላቸው ሁሉም አፉን ይይዝ ነበር። ግን አንተ ከለከልከኝ። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ጠያቂ ሲመጣ «ጉንፋን ነው» ትል ነበር። ከሞትክ በኋላም ሰው ልቡን ነው እያለ ሲያወራ እኔ አላረምኩም። «ካወቁ አይስቁም አስኩ» ብለኸኛል፤ ቤኪም አጠገባችን ሆኖ ሰምቷል። ስለዚህ ልጅህ ስድቡን ሁሉ ዝም ብሎ ይጠጣል። አፉን ከፍቶ ራሱን ቢከላከል ያንተን ቃል ያፈርሳል።

ታስታውሳለህ፣ ሳልህ ሥራ የያዘችበትን ቀን? ሁለታችን ከሠራንበት የጨርቅ ፋብሪካ ከወጣህ በኋላ ነው፤ የክር ክፍሉ ብናኝ ይሁን ሌላ ነገር፣ ሐኪሙ ለይቶ ሳይነግረን ደረትህ መያዝ የጀመረበት ጊዜ። ሬዲዮ ጣቢያው ገና ሊሞክርህ ነበር የጠራህ። ማይክራፎኑ ፊት ልትዋሽ ስትል ሳልህ መጣብህ፣ ብታፍነውም እምቢ አለ። ያባርሩኛል ብለህ ላብ በላብ ሆነህ ሳለ ታደለ ቶሎ ብሎ «ውሸት ሲመጣብህ ጉሮሮህ ይከዳሃል አይደል ምናሴ?» አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፤ በቃ እንደዚሁ ይቀጥል ተባለ። ቤት ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ «አስኩ፣ ሳሌን ሥራ አስያዝኳት» አልከኝ። ከሰው ስትደብቀው የነበረው ነገር መታወቂያህ ሆነ፤ እንዴት እንደኮራህበት ዓይኔ ላይ አለ። ታዲያ አሁን እኔ ተነስቼ አልሰጥም ብል አንተን መካድ አይሆንብኝም?

ከሰዓት በኋላ ይህን እያሰብኩ ተቀምጬ ያለ ሳል ምን ትመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ከመታመምህ በፊት እኮ አውቅሃለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ፣ እኔ ክር የምጠቀልል፣ አንተ የኪነት ቡድኑ መድረክ መሪ ሆነህ። ፊትህ መጣልኝ፣ ያቺ የምትወዳት አረንጓዴ ሹራብ መጣችልኝ። ድምፅህ ግን እምቢ አለ። አፍህን ስትከፍት ሳሉ ይቀድምሃል። ደነገጥኩ ግርሜ። የምወደውን ሰው ድምፅ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።

እትዬ ዘሃራ ባትመጣ ኖሮ በዚሁ እብድ ነበር። ያቺ ወሎዬ ጎረቤታችን፣ ባሏ አይሱዙ የሚነዳው፣ ከምድር ቤት ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ቅንጭቡን ከልጇ ስልክ ላይ አይታለች፤ ምናሴ አጠገብ መጽሐፍ ታቅፋ የምትሄድ መነጽራም ልጅም አይታለች። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና «አብሽሪ አስካለዬ፣ ካንቺ በፊት የሆነ ነገር ነው» እያለች ታጽናናኝ ጀመር። ግርማ ኮሌጅ አልተማረም፣ ልጅቷም በእጅ የተሠራች ሥዕል ናት ብላት አላመነችኝም። «ሞቶም ትሸፍኚለታለሽ፣ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያልሳቅኩትን ሳቅ ሳቅኩ። እሷ ስትወርድ ግን ጭንቀቴ ከወንበሩ አልተነሳም ነበር።

ምን ልበላቸው ግርሜ? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?

*

ሐሙስ የጀመርኩትን ዛሬ እሁድ ልጨርሰው። መልስ እንዳላገኘሁ አትቁጠረው፤ መልሱ የመጣው ከቤታችን ነው።

ዓርብ ጠዋት ቤኪ ወደ ትምህርቱ ከመውጣቱ በፊት ሻይ ቀድቼለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከተናደደ ይናደድ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሶስና የጠየቀችኝን፣ አንተ በሳልህ እንዴት ትኮራ እንደነበር፣ እኔም መወሰን እንዳቃተኝ። አቀርቅሮ ዳቦውን ሲቆራርስ ቆየ። ከዚያ «እማዬ፣ ጡረተኛ ሲሆን ይሳል፣ ማን ከለከለው» አለኝ። «ኮሌጅ እያለ እንኳ ይተንፍስ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቀረሁ። የእሱ አልጋ የተጠጋው ከመኝታችን ግድግዳ ጋር ነው። ያ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ሚስማር ሲመታ የእኛ ሰዓት ይወድቃል። ከተማው የሰማው በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሸት በፊት የምትመጣዋን ሳል ነው። ልጄ የሰማው ሌላውን ሁሉ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ጓደኞቹ ለጨዋታ ይስሉበት ነበር፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ይህን ሁሉ ሳስበው እኔ ስለ አንተ ኩራት ስጨነቅ እሱ ስለ ትንፋሽህ ሲጨነቅ እንደኖረ ገባኝ።

ለሶስና ደውዬ የለም አልኳት። ለምን ስትለኝ «ኮሌጅ እያለ ጤነኛ ነበር» ብቻ አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አላጣራሁም። ከዚያ ግን ሌላ ጭንቀት ጨመረችልኝ፦ ለሳሉ ብለው የከፈቱትን ቦታ ለመዝጋት ጊዜ የለም፤ ምናሴ ደረቱን ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይሰማም፣ እንደዚያው ባዶውን ይወጣል። ሰው ሲሳሳቅብን ታየኝ። ከዚያ ወዲያ እህል በአፌ አልዞረም።

ቅዳሜ ከሰዓት የዕድሩ ወጣቶች አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ወጥረው ፕሮጀክተር አቆሙ። ያው ለቅሶህ የተቀመጠበት አዳራሽ ነው፤ አግዳሚዎቹም እነዚያው ናቸው። ብሎኩ ሁሉ ወጣ። ታደለ ከዘራውን ይዞ ከአቃቂ ድረስ መጣ፣ ግንባሬን ስሞኝ ከጎኔ ተቀመጠ። እትዬ ዘሃራ ያቺን መነጽራም ልጅ በደንብ ልታያት ከኋላዬ ቦታ ያዘች። ቤኪ አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ነገሩ ካላማረ ሊወጣ እንደሆነ ገብቶኛል።

ተጀመረ። ወጣቱ ምናሴ ሻንጣውን ተሸክሞ በእነዚያ ቀጫጭን እግሮቹ እየሮጠ ኮሌጁ በር ላይ ደረሰ። አርፍዷል። ዘበኛው አስቁሞት የት እንደነበረ ጠየቀው። ውሸት ሊመጣ መሆኑን አዳራሹ አወቀ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። ምናሴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አፉን ከፈተ።

ምንም የለም።

ያ ባዶ ቦታ እንዴት ረዘመብኝ! የአግዳሚ ሲጢጥታ እንኳ አይሰማም። የታደለን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ። ወደ በሩ ለመዞር አንገቴ እምቢ አለኝ። አለቀልን አልኩ በልቤ፤ ልጄ አለቀለት።

ከዚያ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳለ።

እትዬ ዘሃራ ናት። አውቃ አይደለም፣ ለምዶባት ነው፤ ውሸት መጥቷል፣ የሚስል የለም፣ እሷ ሳለች። ቀጥሎ ከግራ አንድ ሽማግሌ ሳለ። ልጆቹ ተከተሉ። የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ደረጃ የምታጸዳዋ ልጅ፣ መግቢያው ላይ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች፣ ሁሉም ሳሉ። ታደለ ያችን የአንተን ሳል፣ ከጥልቁ የምትመጣዋን፣ አስመስሎ ሳለና ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሰው ሁሉ ያንን ባዶ ቦታ ሞላው። ምናሴ ከላይ ሆኖ ደረቱን ይዞ ይጠብቃቸዋል፣ ልክ የሚሰማቸው ይመስል። ሳሉ ጋብ ሲል «ሃይስኩል እያለን…» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እኔ አልሳቅኩም ግርሜ። ድምፁን ሰማሁት።

ጥርት ያለ፣ ምንም የማይይዘው ድምፅ። ማሽኖቹ እየጮኹ ከክፍሉ ጫፍ ቆመህ ስሜን የጠራህበት ድምፅ። ሐሙስ ቀን ብፈልገው ብፈልገው ያጣሁት እሱ ነበር። ስንት ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ሰምቼው፣ የልጄን ድምፅ ብቻ የምሰማ መስሎኝ ነበር። ያኔም ሲሰማኝ ኖሯል፤ ያለ ሳል ስለሆነ አላወቅኩህም እንጂ።

ዞር ስል ቤኪ በሩን ለቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሕዝቡ ለአባቱ ሲስልለት እያየ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። እያለቀሰ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌላው የሚስቅ ይመስላል። ሲያልቅ ሰው ከበበው። እትዬ ዘሃራ ጉንጩን ይዛ «ልጅቷ መልካም ናት፣ አባትህ ምርጫ ያውቅበታል» አለችው። እሱም «አዎ እትዬ፣ ኮሌጅ እያለን…» ሲላት ሰው ሁሉ ሳለበት።

ወደ ቤት ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወንበርህ ላይ ቁጭ አለ። የዘበኛውን ትዕይንት እንዴት እንደቀረጹት፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ፣ ሶስና ምን እንዳለችው እያወራ እኔ ዘንቢሌን ይዤ ቆሜ አዳመጥኩት። ጉልበቴን አመመኝ ማለት አልፈለግኩም፤ ያቆማል ብዬ ፈራሁ። ሰኞ ለቀረጻ እንደሚሄድ በወሬው መሀል ሰማሁ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ መነጽሬን ፍለጋ ተደናበርኩ። እግሩን እስካሁን አልወደዱትም። የሽብሩን ቁመት በተመለከተ ጦርነቱ ቀጥሏል። ያችን ባዶ ቦታ ግን ወደዋታል፤ ከየቤታቸው ከነቤተሰባቸው እየሳሉባት በስልክ ቀርጸው ይለቃሉ። ሁሉም ግን አልታረቀም፤ «ያለ ሳሉ አልቀበልም» ብሎ የጸና አለ። እሱን ከሁሉ አብልጬ ደጋግሜ አነበዋለሁ። መጨነቅ የለመደ ሰው በአንድ ቀን አይተውም፤ አንተም ታውቀኛለህ።

«ካወቁ አይስቁም» ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትናንት አዳራሹን ካየሁ በኋላ አሁን ቢያውቁም የሚችሉት ይመስለኛል። አውቀውም የሚስቁልህ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አጥፌ አልደብቀውም፤ ቤኪ አንብቦት «ሰው ያንብበው፣ ይውጣ እማዬ» ብሏል፤ ይወጣል። ከተቀየምከኝ ስንገናኝ ትነግረኛለህ።

እስካሁን ሳስብህ አስቀድሞ የሚመጣልኝ ሳልህ ነበር። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ሰው ማየት አቅቶኝ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ቃሌን ልስጥህ፤ ከእንግዲህ ሳስታውስህ ከዚያ በፊት ካለው እጀምራለሁ፤ ከአረንጓዴው ሹራብ፣ ከመድረኩ፣ ስሜን ከጠራህበት። ወደ ሳሉ መድረሴ አይቀርም፣ እሱም ያንተ ነው፣ ግን መጀመሪያ እዚያ እቆያለሁ። ሳልህን ለእነሱ ተውላቸው። ይዘውልሃል፣ አይጥሉትም።

አንተ ተንፍስ።

አስካለህ